ሰው የሌለበት ፏፏቴ

አሰለች የሰማችው ቂጣ እየቆረሰች ሳለ ነው። ጓዳውንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ላዩ በአሮጌ ጋዜጣ ቢለበጥም ድምፅ አይከለክልም። የባሏ ታናሽ ወንድም ውዱ፣ ኔትዎርኩ እንዳይቋረጥበት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ በሞባይሉ ያወራል። «ንጹሕ ነው ጋሽ ደሳለ» ይላል። «ሰው የሚባል አይታይበትም። የሰው እግር ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም። አዎ፣ ሴቶቹን አስነስቻቸዋለሁ። ኧረ ምንም አላሉም፤ የወንድሜ ሚስት አለችበት እኮ፣ እሷው ናት ያስተባበረችልኝ።» ከዚያ ሳቀ።

አሰለች ቂጣውን እንደያዘች ቆመች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልገባትም፤ ያናደዳት ሳቁ ነው። ባለፈው ሳምንት ውዱ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ፏፏቴው ወርዶ «እትዬ፣ ለውድድር ነው፣ እባካችሁ ትንሽ ገለል በሉልኝ» ሲላት ሴቶቹን አንድ በአንድ የለመነችለት እሷ ናት። የተዘፈዘፈውን ከነሳፋው፣ የተሰጣውን ከነእርጥበቱ አንስተው ከሾላው ጀርባ ተሸሽገው ካፊያ እየመታቸው ተቀምጠውለታል። መጀመሪያ ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቀ። ፀሐይ ስትወጣ በዛች ብሎ ደመና እስኪመጣ ጠበቀ። ጓደኛዋ ገለቴ «ይሄ ልጅ ውኃውን ሊያነሳ ነው የመጣው ወይስ እስኪደርቅ ሊጠብቅ» ብላ ስታጉረመርም ያባበለቻትም እሷ ናት። ያን ቀን የሆቴሉ አንሶላ ሳይደርቅ ቀርቶ የመኝታ ክፍሉ ኃላፊ በቱሪስት ፊት ጮኾባታል። ቢሆንም ደስ ብሏት ነበር። ከደሴ ሙያ ተምሮ የመጣ፣ ቤቷ የሚያድር፣ እጇ ያበሰለውን የሚበላ ልጅ ከሁሉ በልጦ ቢሸለም የእሷም ስም ነው ብላ ነበር።

ባሏ ወንዴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ሲኖር በላሊበላ ቤተ ክርስቲያናት መሃል ሲሮጥ ይውላል፣ እንግዳ ሲጠፋ እቤት ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል።

«ሰማኸው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን?»

«ወንድምህን። አስነሳኋቸው ይላል። ዶሮ ነን እንዴ?»

«የሥራ ነገር ነዋ» አለ ማንኪያውን ሳያቆም። ከዚያ ቂጣውን ቆርሶ አኘክ አኘክ አደረገና ጨው አንሶታል አለ። ወንዴ የማይፈልገው ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ ጨው ያንሳል፣ አለዚያም ይበዛል። አሰለች ይህን ታውቃለች። ውዱም ከጓዳው ብቅ ብሎ «እትዬ፣ እንደምን አደርሽ» አለና፣ ወንድሙን አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ሻያቸውን ፉት አሉ። እሷም ከሆቴል የመጣውን የአንሶላ ጥቅል አዝላ ወጣች።

መስከረም ሊያልቅ ነው። ከተማው የአዲሱን ሺህ ዓመት ባንዲራና ወረቀት ገና አላወረደም፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ የተወጠረው ክር ላይ ቀለሙ በዝናብ የለቀቀ ወረቀት ይንጠለጠላል። ሆቴሎቹ በእንግዳ ተሞልተዋል፣ ቧንቧው ግን እንደ ድሮው ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። የከተማው ሆቴል ሁሉ አንሶላ የሚታጠበው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሰው «ዝንጀሮ መውረጃ» ከሚለው ፏፏቴ ሥር ነው። የቱሪዝም ሰዎች ዘንድሮ «የቅዱሳን መጋረጃ» ብለውታል። በመንገዱ ላይ የሚገናኝ ሰው ሁሉ ስለ ዋጋ ያወራል፤ ሳሙና ጨመረ፣ ሽንኩርት ጨመረ፣ የሚሌኒየም ቲሸርት ብቻ ረከሰ። አሰለች ለሁሉም «እሱስ» እያለች አለፈች። ጆሮዋ ላይ ያለው የውዱ ሳቅ ነው።

ፏፏቴው ጋ ስትደርስ ሌላ ፎቶ አንሺ ተቀምጦ አገኘች። አረጋ ይባላል፤ ለአንድ መጽሔት ሊሠራ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ረዘም ያለ፣ ትሕትና የሚያበዛ ሰው ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ውኃው ውስጥ ተክሎ፣ ካሜራው ላይ ጥቁር መስታወት ገጥሞ፣ ራሱ ዣንጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከእሱ ጋር ያለው ጣጣ ከውዱ የተለየ ነው። ውዱ ሰው እንዳይታይ ነው የሚፈልገው፤ አረጋ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይንቀሳቀስ። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ስለሚቆይ፣ ውኃው ብቻ እየፈሰሰ ሌላው ሁሉ ቀጥ ማለት አለበት አላቸው። ቅጠሉም፣ የተሰጣው ልብስም፣ እነሱም። ከሁሉ በላይ የሳሙናው አረፋ አስቸግሮታል። ለውድድሩ ያስገባው ፎቶ ላይ አረፋ እንደ እከክ ወጥቶበት ስላናደደው ነው ለመጽሔቱ ሌላ ሊያነሳ የመጣው። «እመቤቶቼ፣ ይቅርታ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ማጠቡን ብታቆሙልኝ» ይላል። ያቆማሉ። አንስቶ ያያል፤ ራሱን ይነቀንቃል። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ።» ገለቴ እጇ ላይ ያለው አረፋ ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

በመጨረሻ ደስ አለውና ጠራቸው። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አሳያቸው። አሰለች አንገቷን አስግጋ አየች። ድንጋዩ አለ፣ ሾላው አለ፣ በመሃላቸው የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ውኃው የት ሄደ?» አለች።

«ይኸው ውኃው» አለ አረጋ በኩራት።

«ይሄማ ጉም ነው። ይሄ ልብስ ያጥባል?»

ሰውየው ሳቀ፤ እንደ ቀልድ ነበር የወሰደው። እሷ ግን አልቀለደችም። ከላይ እየተወረወረ ድንጋዩን የሚደበድበውን፣ ሲሞላ ሳፋ የሚነጥቀውን፣ እርስ በርስ ለመሰማማት የሚያስጮኸውን ውኃ እያወቀች፣ ይህን ዝም ያለ ነገር አምጥቶ እሱ ነው ሲላት ደረቅ ንዴት ያዛት። ንዴቷን አንሶላው ላይ አወጣችው።

ቀትር ላይ ጋሻዬ መጣ። ጋሻዬ የከተማው የፎቶ ቤት ባለቤት ነው፤ ዛሬም በፊልም የሚያነሳ፣ ፊልሙን ወልድያ ልኮ የሚያሳጥብ፣ ከሠርግና ከክርስትና ውጭ ፎቶ ለምን እንደሚነሳ የማይገባው ወፍራም ሰው። አንድ ቤተሰብ አስከትሏል። ከአፋፉ ሆኖ እንኳን ድምፁ ይሰማል፤ «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ፣ ውኃውን አትዩት፣ ፊታችሁን ብቻ ወደ እኔ።» ለጋሻዬ ፏፏቴው ከሰዎቹ ኋላ የሚንጠለጠል ጨርቅ ነው። ሰዎቹ ላሊበላ መኖራቸው እንዲታወቅ ያህል ከትከሻቸው በላይ ትንሽ ከታየ ይበቃዋል። ስለዚህ እነ አሰለችን ተነሱ ብሎ አያውቅም። ለእሱ ከበስተኋላ ያለው ሰውና ድንጋይ አንድ ነው። አባትየውን መሃል፣ እናትየዋን ቀኝ፣ ሕፃኑን ፊት አቁሞ ቀጭ ቀጭ አደረገና ጨረሰ። አረጋ ማለዳውን ሙሉ የተቀመጠበትን ሥራ እሱ ላቡ ሳይደርቅ አጠናቀቀ።

ከዚያ ላቡን እየጠረገ ወደ አሰለች ጠጋ አለ። «ውዱ ዛሬ ሳያሸንፍ አይቀርም አሉ» አለ። «እኔም አንድ አስገብቻለሁ። ፎቶ ቤት ያለው ሁሉ ያስግባ ስላሉ ነው እንጂ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ የለኝማ። የጋሽ ደሳለን ቤተሰብ በእንቁጣጣሽ ማግስት እዚሁ አንስቻቸው ነበር፤ የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ስለሆነ ደስ ይለዋል ብዬ እሷኑ አስገባሁ።» ከዚያ ልብሱ እንዳይበር አሰለች አንሶላው ጫፍ ላይ የጫነችውን ድንጋይ በእግሩ ነካ አደረገ። «ይሄን ነው ልብስ የምታስይዙበት?»

«ምነው?»

«የድንበር ድንጋይ እኮ ነው። ቀይ ቀለሙን አላየሽም?»

አይታለች። ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ከዘመን መለወጫ በፊት አካባቢ በሾላው ዙሪያ ተደርድረው አግኝተዋቸው ነበር። ልክ የሚመች መጠን ስለነበራቸው ሴቶቹ ሁሉ እየተሻሙ ነው የወሰዷቸው። ጋሻዬ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «አልነገሯችሁም?» አለ። «ባለሀብት ሎጅ ሊሠራበት ነው። ታጥሮ። ሰው የማይጠቀምበት ቦታ ነው ተብሎ ቀርቧል፤ ፎቶውም የተፈለገው ለዚያ ነው። ለውድድርስ ሽልማቱ ያው ስም ነው። ዛሬ ከሰዓት አዳራሽ ሕዝብ በተገኘበት ይጸድቃል አሉ።»

አሰለች ከወገቧ ቀና አለች። «ሰው የማይጠቀምበት» አለች፤ ለጋሻዬ አልነበረም። ገለቴን አየቻት። ገለቴ ሰምታለች፤ በእጇ የያዘችው የትራስ ልብስ ውኃውን እያንጠባጠበ ቀርቷል። «ባለፈው ሳምንት ከሾላው ጀርባ ያስቀመጥሽን ለዚህ ነው?» አለች ገለቴ። አሰለች ምን ትመልስ? «የቀረውን አንቺ አለቅልቂልኝ» ብላት ቀሚሷ እንደራሰ ዳገቱን ወጣች።

የወጣቶች አዳራሽ ከሚባለው ቆርቆሮ ቤት ስትደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ሕዝብ የተባለው ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የኮሚቴ ሰዎች፣ ጥቂት አስጎብኚዎች፣ ሁለት ካህናት፣ ከዝናብ የተጠለሉ የሚመስሉ ሽማግሌዎችና ለስላሳ የምታዞር ልጅ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። ከግድግዳው ላይ ሦስት ትልልቅ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አሰለች ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና አየቻቸው። የውዱ ከግራ ነው፤ ሰማዩ በሕይወቷ ሙሉ አይታው የማታውቀው ሐምራዊ ሆኗል፣ ውኃው ባዶ ድንጋይ ላይ ይወርዳል፣ ሣሩ ላይ የተረገጠ ምልክት እንኳን የለም። መሃል ላይ የአረጋ ጥጥ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ትንሽ አረፋ አለበት። ከቀኝ የጋሻዬ ነው፤ አቶ ደሳለ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፣ ባለቤቱና ልጆቹ ዙሪያውን ከበውታል፣ ፏፏቴው ከባርኔጣው በላይ እንደ ነጭ ክር ይታያል፣ ከክርናቸው በታች ደግሞ ጎንበስ ያሉ ሴቶች፣ ሳፋዎች፣ ድንጋዩን ሁሉ የሸፈነ አንሶላ። ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ላየ እንግዳ ሦስት የተለያየ አገር ነው የሚመስለው።

ደሳለ ቀጭን ዱላ ይዞ ያስረዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቅሶ የማይቀር፣ ዕድሩን በሥርዓት የሚመራ ሰው ነው፤ ስብሰባ ላይ ሲቆም ግን አፉ ይለወጣል። «እንደምትመለከቱት» አለ የውዱን ፎቶ በዱላው እየነካ፣ «ይህ የተፈጥሮ ሀብታችን ማንም ሳይጠቀምበት ዘመናት ሲፈስ ኖሯል። ባለሀብቱ አጥሮ በማልማት ለወጣቶቻችን የሥራ ዕድል ይፈጥራል። ኅብረተሰቡም ግንዛቤ ጨብጧል።»

«ማን ነው የማይጠቀምበት?» አለች አሰለች ተቀምጣ ሳለ።

«እናቴ፣ አስተያየት በኋላ ይሰጣል።»

«አስተያየት አይደለም፤ ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄም በኋላ ነው።»

ሰዎች ዞር ብለው ቀሚሷን አዩ። ከጫፉ የሚንጠባጠበው ውኃ ሲሚንቶው ላይ ኩሬ ሠርቷል። ከፊት ካሉት አስጎብኚዎች መሃል የወንዴን ትከሻ አወቀችው። እሱ አልዞረም። እዚህ እንደሚመጣ አልነገራትም ነበር። ከወንዴ ጎን ውዱ ተቀምጧል፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ የወንድሙን ኮት ለብሶ።

ከዚያ ፎቶዎቹን መገምገም ተጀመረ። አንዱ የአረጋን አይቶ ወተት የፈሰሰ ይመስላል አለ፤ ሌላው ሙያ አለበት አለ። የድጓ መምህሩ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ በኮሚቴው ውስጥ ለቤተ ክህነት የተወከሉት አዛውንት፣ ይሄኛው ውኃ ድምፅ ያለው አይመስልም አሉ። የጋሻዬ ጋ ሲደረስ ሳቅ ሆነ። ደሳለ ራሱን ከግድግዳው ላይ ሲያይ ፊቱ ጨለመ። «ይህን ለቤቴ ነው ያስነሳሁት፣ ለስብሰባ አይደለም» አለ። ጋሻዬ ከኋላ «ፏፏቴው ላይ የተነሳ አምጡ ተባለ፣ አመጣሁ» አለ ቅር ብሎት። «ይሄ ፏፏቴ ሳይሆን የልብስ ማጠቢያ ነው» አለ አንድ የኮሚቴ አባል፤ እንደገና ተሳቀ።

መሪጌታ ግን ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱና ወደ ፎቶው ተጠጉ። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ አዩት። «እነዚህ ጎንበስ ያሉት እነማን ናቸው?» አሉ።

አሰለች ተነስታ በአግዳሚዎቹ መሃል ሄደች፤ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ምልክት ይተዋል። «እኛ ነን የኔታ» አለች። «ይቺ ጀርባዋ የሚታየው እኔ ነኝ። ይቺ ገለቴ ናት። አንሶላው የሆቴል ነው። እርስዎ ቤት ለበዓል የሚታጠበው ጋቢም እዚያው ነው የሚታጠበው።»

«አቶ ደሳለ» አሉ መሪጌታ፣ «እርስዎ እዚህ ሲቆሙ ከኋላዎ ሰው ነበረ ማለት ነው?»

«ነበሩ፤ ግን ጊዜያዊ ናቸው የኔታ። ለቋሚ ልማት…»

«ጊዜያዊ» አለች አሰለች። በሙሽርነቷ ሰሞን የመጀመሪያውን ልብስ ያጠበችው እዚያ ነው፤ የልጇን የክርስትና ልብስም፣ ልጁ የሞተ ጊዜ የተኛበትን አንሶላም ያጠበችው እዚያ ነው። ይህን ግን በደሳለ ፊት፣ ለስላሳ በምታዞር ልጅ ፊት ልትናገረው አልፈለገችም። እሷ የፈለገችው አንድ ሰው እውነቱን እንዲናገር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ፊት ወንበሮቹ ዞረች። «ውዱ» አለች፣ «አንተ ንገራቸው። እንዲያ ስታነሳው ሰው ነበር ወይስ አልነበረም?»

ውዱ ተነሳ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። መጀመሪያ ወንድሙን አየ፤ ወንዴ መሬት መሬት ያያል። «ፎቶው ሲነሳ» አለ ውዱ፣ «ሰው አልነበረም።»

«ለምን እንዳልነበረ ንገራቸዋ።»

ውዱ የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ።

«ልጄ፣ ተጠይቀሃል» አሉ መሪጌታ።

«እኔ የማውቀው ፎቶ ማንሳት ነው የኔታ» አለና ተቀመጠ።

አሰለች መጮኽ ትችል ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጮኽ የሚበቃ ነገር ሰብስባለች። ግን ማን ላይ? ከቤቷ የወጣ ልጅ ላይ፣ ያውም ሰው እያየ? ቆማ ቀረች። በመጨረሻ መሪጌታ ናቸው ያዳኗት፣ ማዳን ከተባለ። «እኔ በዓይኔ ሰው እያየሁ የለም ብዬ አልፈርምም» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ ኮሚቴው አንገት ለአንገት ተነጋገረ፤ ብዙ ሹክሹክታ ሆነ፤ ደሳለ ላቡን ጠራርጎ ውሳኔውን አነበበ። የቦታው ጉዳይ በቀጣይ ስብሰባ እስኪታይ ባለበት እንዲቆይ። ተጠቃሚ ነን የሚሉ ሴቶች ተደራጅተው ተወካይ እንዲመርጡ። ተወካይዋ ከቀበሌ መታወቂያ ጋር እንድትቀርብ። የውዱ ፎቶ በአንደኝነት ተመርጦ ከከተማው መግቢያ ላይ በትልቁ እንዲሰቀል። ጭብጨባ ሆነ። አሰለች ማሸነፏን ይሁን መሸነፏን ሳታውቅ ወጣች። ከኋላዋ ደሳለ «መደራጀቱ ላይ እኔ አግዛችኋለሁ» አላት፤ ከልቡ ይመስላል። ይህም አናደዳት። ተነስታ አንድ ጊዜ በመናገሯ አሁን ተወካይ መምረጥ፣ ሰልፍ መያዝ፣ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ያው አዳራሽ ተመልሳ መምጣት ሊኖርባት ነው፤ ልብሱ መቼ ይታጠባል?

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ገለቴ ያለቀለቀችውን አንሶላ ሳይጨመቅ ሳፋው ውስጥ ከምራ፣ አምጥታ ግቢው መሃል አስቀምጣላት ሄዳለች። ሳትጠብቃት መሄዷ ቅያሜ ነው። ነገ ጠዋት ሆቴሉ ይፈልገዋል። አሰለች እጅጌዋን ሰብስባ ትልቁን አንሶላ አወጣች። ለብቻ አይጨመቅም፤ አንዱን ጫፍ ግቢው ውስጥ የቆመ እንጨት ላይ አስራ ልትጠመዝዘው ስትል ወንድማማቾቹ መጡ። ውዱ ፎቶውን ከነመስታወቱ ታቅፎታል፤ አንዱን ቅጂ በሽልማት ሰጥተውታል። ሰላምታ አላቀረበም። ገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ምስማር ሲፈልግ፣ ግድግዳውን ሲያንኳኳ ተሰማ።

«እዚህ ቤት አይሰቀልም» አለች አሰለች ከግቢው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግድግዳው እንደሆነ ያሰማል።

ማንኳኳቱ ቆመ። ውዱ ፎቶውን እንደታቀፈ በሩ ላይ ብቅ አለ። «እትዬ፣ አንቺ ብትኖሪበት እኮ አያሸንፍም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አጥር እንደሚታጠር ያወቅሁት እኔም በኋላ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ግን ታውቅ ነበር። ስትስቅ ሰምቼሃለሁ።»

ውዱ አንገቱን ደፋ። ፎቶውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ በመጨረሻ በሩ ጎን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። ወንዴ እስካሁን ግቢው መግቢያ ላይ ነበር፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ። ሊወጣ ይሁን ሊገባ አይታወቅም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁን ተይው» አለ። «እሱ እኮ አልደፈረም ነበር። ሴቶቹን እንዴት አድርጌ አስነሳቸዋለሁ ብሎ ሲጨነቅ ‹አሰለችን ጠይቃት፣ አንተን እምቢ አትልህም› ያልኩት እኔ ነኝ። ሎጁ ሲከፈት አስጎብኚ በደመወዝ እንቀጥራለን ብለውኝ ነበር። ደመወዝ ካለ አንቺም ታርፊያለሽ ብዬ ነው።»

አሰለች በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ ሲባል ሰምታለች፤ ይህን የመሰለ ነገር ግን ከአፉ በቀጥታ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ይቅር ልትለው አልፈለገችም። ልታለቅስም አልፈለገችም፤ ፀሐይዋ እየሄደች ነው፣ አንሶላው እርጥብ ነው። እንጨቱ ላይ ያሰረችውን ጫፍ ፈታችና ወደ ባሏ ዘረጋችው። ወንዴ ጫማውን አየ፣ የተቦረሸ ነው። ከዚያ ገባና ጫፉን ተቀበለ።

እሷ ወደ ቀኝ ጠመዘዘች። እሱም ወደዚያው ወደ እሷ ቀኝ ዞረና አንሶላው ተፈታ።

«ወደ ራስህ ቀኝ» አለችው።

ወደ ቀኙ ጠመዘዘ። ውኃው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ዝርግፍ ብሎ ጫማው ላይ ወረደ። እጁን ሊያራግፍ ለቀቅ አደረገ።

«አጥብቀህ ያዝ» አለች አሰለች። «ገና አልጨረስንም።»